ማታ ማታ ጥርሱን አውልቀው ይተኙ

እናትሽ አርቴፊሻል ጥርሳቸውን ሳያወልቁ እየተኙ ድዳቸው ቀልቶ ያቃጥላቸዋል ላልሽው፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አውልቀው ይተኙ። ሌሊቱን ሙሉ ከተደረገ ድዱ አያርፍም፤ ፈንገስም ይራባበታል። መቅላቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና እሺው፣ በደንብ አለቅልቂው። የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል፣ ተዪው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር፤ ከደረቀ ቅርጹ ይበላሻል። ድዳቸውን፣ ምላሳቸውንና ላንቃቸውንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊላቸው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በሳምንት ውስጥ ካልተሻላቸው የጥርስ ሐኪም ይያቸው። የፈንገስ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ወይም ጥርሱ ልካቸው አልሆነም ይሆናል።

የፈላ ውሃ ግን አደራ! እኔ ጀርም ይገድላል ብዬ የአባቴን ዘፈዘፍኩት፣ ተጣመመ። አዲሱ እስኪሰራላቸው ምግብ ማኘክ አቃታቸው።