ሽማግሌዎቹ ምን አስፈረሟችሁ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ጠጠር በኢንዶስኮፒ ወጣላት። ማታውኑ ሆዷን ክፉኛ አመማት። «ነፋስ ነው» ብለው በማግስቱ ሸኙን። በሦስተኛው ቀን አንጀቷ ተበስቶ ተገኘና በአስቸኳይ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሐኪሙ ሽማግሌ ልኮብን ነበር። መክሰስ እችላለሁ? (ከደምበጫ)

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎ።

የአንጀት መበሳት ብቻውን ጥፋት አይደለም። በዚህ ሕክምና ቆሽት የሚቆጣባቸው ከመቶ ጥቂት ሰዎች አሉ። መበሳት ከዚያም ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ አይሞላም። ጠንቃቃ እጅ ላይም ይደርሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 የሚጠይቀው የሙያውን ደንብ ያልጠበቀውን ነው። ስለዚህ የእናንተ ጉዳይ ያለው ከዚያች ሌሊት እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሕመሟን ማን ሰማ? ማን መረመራት? ምን ተጻፈ?

ቀኑን አልነገሩኝም። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ይታገዳል። ዛሬውኑ ይቁጠሩት።

አሁን ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። «ሽማግሌ ልኮብን ነበር» ብለው ዝም አሉ። በምን ተቋጨ? ገንዘብ ተቀበላችሁ? ፈረማችሁ? ወንድሜ፣ ከጠበቃ እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም።

ጎጃም ውስጥ ደጅ ድረስ የመጣን ሽማግሌ መመለስ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እርቁንም አልነቅፍም። የምፈራው ወረቀቱን ነው። ብዙ ጊዜ ከደብተር የተቀደደ አንድ ሉክ ነው። «ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ይላል። ከሥሩ ሰማያዊ የጣት አሻራና የምስክሮች ፊርማ አለ። ቤተሰቡ እንደ ደረሰኝ ያየዋል። ፍርድ ቤት ግን የእርቅ ስምምነት ነው ካለው፣ በቁጥር 3312 መሠረት ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። «መብቴን ባለማወቄ ነው» ማለት አያፈርሰውም። ነገ ቁስሏ አመርቅዞ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልጋት፣ ያ ሉክ ይቀርብባችኋል።

ደግሞ ማን ፈረመ? የተጎዳችው እሷ ናት፤ ከሳሿም እሷ ናት። ያለ እሷ ውክልና እርስዎ ብቻ ፈርመው ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። ወረቀቱን ሳላይ ግን ይህን አልወስንልዎም።

እስከዚያው ሌላ ብር አይቀበሉ፤ ምንም ነገር አይፈርሙ። የሕክምና መዝገቧን ኮፒ በጽሑፍ ማመልከቻ ይጠይቁ። የነርሶቹ ማስታወሻ፣ ከሕክምናው በፊት የፈረመችው የስምምነት ቅጽና የመውጫ ወረቀቷ እንዳይቀሩ። ከዚያ ሁሉንም ይዛችሁ፣ ያቺንም ሉክ ጨምራችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ካለ ጠበቃ ዘንድ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ።