ምንጣፍ ሲያሳጥቡ ስለ ማድረቁ ይጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

በምንጣፍ እጥበት ሥራ ላይ ነኝ። መሃል ከተማ የምትኖሩ ሰዎች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ክረምቱ ሳይገባ ልመልስ።

ከአራት ኪሎ፦ ቤት መጥተው ቢያጥቡት ይሻላል ወይስ ወስደው?

እንደ ምንጣፉ ነው። ወለሉ ላይ የተለጠፈ ሞኬት ከሆነ ማሽን ይዘው ከመምጣት ሌላ አማራጭ የለም። የሚጠቀለል ከሆነ ግን ይውሰዱት። አቧራው ሥር ገብቶ ነው የሚቀመጠው፤ በደረቁ ተገልብጦ በደንብ ካልተራገፈ፣ ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል። ግንባታ ባለበት ሰፈር ደግሞ ይሄ አይታለፍም።

ከካዛንቺስ፦ ባለፈው ነሐሴ ያሳጠብኩት ምንጣፍ እየሸተተኝ ነው። ሳሙናው ይሆን?

አይመስለኝም እህቴ። ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ነው። በዚህ ከተማ የሚያጥብ ሞልቷል፤ አድርቆ የሚመልስ ነው የሚቸግረው። እርጥብ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል። በነሐሴ ደግሞ ፀሐይ ብቅ ብላ ትጠፋለች። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ማድረቁን ጠይቂ። ውሃውን የሚጨምቅ ማሽን አላችሁ? ሲዘንብስ የት ታደርቁታላችሁ? «ውጭ እናሰጣዋለን» ብቻ ካሉሽ በክረምት አትስጪ።

ሲመልሱልሽም ሂሳቡን ከመክፈልሽ በፊት ዘርግተሽ ገልብጪው። ጀርባውን፣ በተለይ ጠርዙን፣ በእጅሽ ዳብሺው። ከቀዘቀዘሽ ገና እርጥብ ነው፤ ይዘውት ይመለሱ። መብትሽ ስለሆነ ይሉኝታ አይያዝሽ። አሁን የሚሸተውን እንደገና አሳጥቢውና በደንብ ይድረቅ። ሽቶ መርጨት ሽታውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከፒያሳ፦ ከእናቴ የወረስኩት የመንዝ ምንጣፍ አለኝ። ለሰው መስጠት ፈራሁ።

ብትፈራም አይፈረድብህም ወንድሜ። የበግ ጸጉር ነው፤ በሙቅ ውሃ ከታሸ ተኮማትሮ ይጠነክራል። በረኪና ደግሞ ጸጉሩን ራሱን ይበላዋል። አጣቢው «ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ ካልጠየቀህ አትስጠው። ቀለም የተነከረ ከሆነ፣ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ጥግ ላይ ጫን አድርገህ ያዝ። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ ሲረከቡህ ንገራቸው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ነፋስ ያለበት ጥላ። እንዲህ ያለ ምንጣፍ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ እባክህ በርካሽ ዋጋ አትታለልበት።

ከልደታ ኮንዶሚኒየም፦ ዋጋው እንዴት ነው የሚሰላው?

ብዙ ጊዜ በካሬ ነው። 2 በ3 ሜትር ከሆነ 6 ካሬ ማለት ነው። እናንተው ፊት ይለካ፣ ልኩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ማመላለሻውና ፎቅ ማውጣቱ በዋጋው ውስጥ መሆኑንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ከመስጠታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ያረጀ ቀዳዳና አዲስ ቀዳዳ የሚለየው በዚያ ነው።

ከሜክሲኮ፦ ቡና ቢደፋበትስ?

ቶሎ በንጹሕ ጨርቅ ጫን እያደረጋችሁ አስመጥጡት። አትፈትጉት።

ከአምባሳደር፦ ለእንቁጣጣሽ ላሳጥብ አስቤ ነበር።

ከቻሉ በግንቦት ያሳጥቡት፣ ካልሆነም ጥቅምት ይድረስ። ጳጉሜ ላይ ወረፋውም ይበዛል፣ ዝናቡም አልወጣም። ለበዓሉ ግን ቄጠማውን ምንጣፉ ላይ አይጎዝጉዙት፤ እርጥብ ሣር ሲረገጥ አረንጓዴ እድፍ ይተዋል። ምንጣፉን ጠቅልለው ባዶው ወለል ላይ ቢጎዘጉዙት ይሻላል።