ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ፤ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብኛል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 21 ነው፤ የ2ኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ብዙ ጊዜ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት አነባለሁ። ደብተሬን ሦስት አራት ጊዜ እደግመዋለሁ፣ በከለር አሰምርበታለሁ። ሳነበው ይገባኛል፤ ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን በተለይ የመድኃኒት ስሞችና የጎንዮሽ ጉዳታቸው ይምታታብኛል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋብኛል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ድካም አለብኝ፤ የወር አበባዬም ይበዛል። አንዲት ዘመዴ አብሾ ብጠጣ እንደሚሻለኝ ነግራኛለች። ለማስታወስ የሚረዳ ቫይታሚን ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ነገር በአብዛኛው ከአጠናን ዘዴ የሚመጣ ነው፤ የድካሙን ጉዳይ ግን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አንድን ገጽ አራተኛ ጊዜ ሲያነቡት ዓይንዎ ይለምደዋል፤ አእምሮም መልመዱን እንደማወቅ ይቆጥረዋል። መንገድ ላይ ያገኙት ሰው መልኩ አልጠፋዎትም፣ ስሙ ግን አልመጣ ይልዎታል አይደል? ደጋግሞ ማንበብ መልኩን ነው የሚያስተምረው፤ ፈተናው የሚጠይቀው ስሙን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በተማሪዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ደግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ደብተር ዘግተው በቃላቸው ለማውጣት የታገሉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ።

ስለዚህ አንድ ንዑስ ርዕስ አንብበው እንደጨረሱ ደብተሩን ይዝጉ። ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሱትን ሁሉ ለ5 ደቂቃ ይጻፉ፤ ከዚያ ከፍተው የቀረውን በሌላ ቀለም ይሙሉ። ሲያደርጉት ይከብዳል፣ የማያውቁ ሆኖም ይሰማዎታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ወደ ማንበቡ የሚመለሰው። ያ ትግል ግን ትውስታውን የሚያጠነክረው ራሱ ነው፤ ቶሎ ብለው ደብተሩን አይክፈቱት።

ሁለተኛው ነገር ማራራቅ ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ ትርጉም የሌለው የተሸመደደ ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ዛሬ የተማሩትን ነገ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከ3 ሳምንት በኋላ ራስዎን ይጠይቁ። ጠንካራ ወረቀት ቆራርጠው በአንዱ ገጽ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ይጻፉ፤ በአንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ብቻ። ስድስት ነገር የተጨናነቀበት ካርድ አራቱን መልሰው ሁለቱን ሲስቱ “አውቀዋለሁ” ያሰኝዎታል። የመለሱትን ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ያሳልፉት፤ የሳቱትን ለነገ ይመልሱት።

ለሚምታቱት መድኃኒቶች ደግሞ የሚያውቁትን ቤት ይጠቀሙ፤ በየቦታው የመድኃኒቱን ስምና ጉዳት የሚያስታውስ ሥዕል በሐሳብዎ ያስቀምጡ። የቲቢ አራቱን መድኃኒቶች እንውሰድና በቤትዎ በር እንግባ። የውጭው በር ላይ ብርቱካናማ ሪቫን ታስሯል፦ ሪፋምፒሲን፣ ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው። ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ አንድ ሰው እግሩ ደንዝዞ መርገጥ አቅቶት ቆሟል፤ እርስዎ “አይዞህ” ይሉታል፦ አይሶናያዚድ፣ እጅና እግር የሚያደነዝዘው፤ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ሶፋው ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ፓይለት ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል፦ ፓይራዚናማይድ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም። ቴሌቪዥኑ ኢቲቪ ላይ ነው፤ ነገር ግን ቀይና አረንጓዴው አይለይም፦ ኢታምቡቶል፣ የዓይን ነርቭ የሚጎዳው። ሥዕሉ እንግዳ በሆነ ቁጥር ይይዛል፤ “ሶፋ ላይ መድኃኒት አለ” ብሎ ማሰብ ግን ምንም አይረዳም። የቦታዎቹን ቅደም ተከተል አይለውጡ፤ ለሌላ የመድኃኒት ቡድን ሌላ ቤት ይውሰዱ፣ አለዚያ ፓይለቱ ከሌላ እንግዳ ጋር ይደባለቅብዎታል። ዘዴው ለዝርዝር ነው የሚሆነው፤ ልብ ደም እንዴት እንደሚረጭ በዚህ አይጠናም፣ ያንን ለጓደኛ በቃል ማስረዳት ይሻላል።

ፈተና ላይ ድንገት የሚጠፋብዎት ደግሞ ጭንቀት ሲበረታ ያለውን ማውጣት ስለሚያውክ ነው። ወረቀቱ እንደደረሰዎት፣ ከተፈቀደ፣ የሚፈሩትን ዝርዝር ጥግ ላይ ይጻፉት። የጠፋውን ጥያቄ ዘለው ይለፉ፤ አየር በ4 ቆጠራ አስገብተው በ6 ያስወጡ፣ አምስት ስድስት ጊዜ።

እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት የሚያነቡትን ግን ይተዉት፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለምንዎት። ቀን የተማሩት ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ያስፈልጋል። የጠጡት ቡና ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ባይጠጡ ይመረጣል። ጫትም ያነቃል፣ ግን የሚከፈለው በእንቅልፍ ነው።

አሁን ወደ አብሾ። እባክዎ እንዳይጠጡት። አብሾ የሚዘጋጀው አስተናግር ከተባለው ተክል ነው፤ በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች አሉ። ስኮፖላሚን አእምሮ አዲስ ነገር ለመያዝ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሥራ ይዘጋል፤ ማለትም ያስረሳል። በአንዱ ፍሬ ያለው መጠን ከሌላው ስለሚለያይ “ትንሽ ብቻ” የሚባል ልክ የለውም። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ሽንት ይታገታል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ የሌለ ነገር ይታያል። እነዚህ የታዩበት ሰው ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት። አብሾ ስሙ የገነነው በአብነት ተማሪዎች ዘንድ ነው፤ እነዚያን ተማሪዎች ያጸናቸው ግን ሌሊት ያለ መጽሐፍ ቃል መቀጸላቸውና (የተማሩትን በቃል መድገማቸውና) የኔታ ፊት ቆመው ሲስቱ መታረማቸው ይመስለኛል። ከላይ “ደብተር ይዝጉ” ያልኩዎት ነገር እነሱ ዘንድ የኖረ ነው። እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶችም በመጠኑ ተመሳሳይ ጸባይ አላቸውና በፈተና ሰሞን ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዷቸው።

እጥረት ለሌለበት ሰው ማስታወስን እንደሚጨምር በደንብ የተረጋገጠ ቫይታሚን የለም። እርስዎ ግን እጥረት ሊኖርብዎት ይችላል፤ የወር አበባ መብዛትና ድካም አንድ ላይ ሲመጡ የብረት ማነስ ይጠረጠራል፣ እሱም ትኩረት ያሳጣል። ጤና ጣቢያ ሄደው ሲቢሲ (የደም ሴሎችንና ሄሞግሎቢንን የሚለካ የደም ምርመራ) ያሠሩ፤ ከተቻለ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲንም ይጨመርበት። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የተከማቸው ብረት ያለቀበት ሰው አለና። ብርድ የማይችሉ፣ ክብደት የሚጨምሩና ሆድዎ የሚደርቅ ከሆነ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ምርመራ ይጠይቁ። ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታ ያጡ፣ ምንም ነገር ያስጠላዎት ከሆነም ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ድብርት ማስታወስን ክፉኛ ይጎዳል። የወር አበባው የበዛበት ምክንያትም አብሮ ይታይ። ብረት ከታዘዘልዎ በውኃ ይውሰዱት፤ ከሻይና ከቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ።