ላሞቹ ያሉት በየትኛው ቤት ነው?

ሥዕል የጀመራችሁ ልጆቼ፣

እኛ ክረምት ሲባል የሚታየን ዝናብና ጭቃ ነው። እዚህ ስዊድን፣ ዳላርና በሚባለው አውራጃ፣ ክረምት ማለት በረዶ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ብርሃኑ አጭር ስለሆነ ወዲያው ብሩሽ ለማንሳት ትቸኩላላችሁ፤ እኔም ቸኩዬ ነበር።

በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ገበሬ ግቢ ሣልሁ። የላሞቹ ቤት፣ የድርቆሹ ቤት፣ ጎተራው፣ ሁሉም ቀይ፤ በረዶው በየጣሪያው ላይ እኩል የተነጠፈ። ሽማግሌው ባለቤት ትክ ብለው አዩና «ላሞቼ የት አሉ?» አሉኝ። ላም አልሣልሁም አልኋቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ጣሪያውን ነበር። ላም ያደረበት ቤት ይሞቃል፤ በረዶው ይሳሳል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ቀልጦ መልሶ እየረጋ ይንጠለጠላል። ድርቆሽ ብቻ ያለበት ቤት በረዶውን እንደ ጋቢ ደርቦ ይከርማል። እኔ ግቢውን በሙሉ ባዶ ቤት አድርጌባቸው ነበር። አፈርሁ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቤት ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ እርሳስ አላነሳም። ከመኖሪያው ደጃፍ እስከ ላሞቹ በር የተረገጠውን፣ ገለባና እበት ያጠየመውን መንገድ ፈልጉ። ሄርብሬ የሚሉት ጎተራቸው አይጥ እንዳይገባበት በእግሮች ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የአያቴም ጎተራ መሬት አይነካም ነበር። ከሥሩ ያለችውን ጥቁር ክፍተት ከዘነጋችሁ ቤቱ በረዶው ላይ የተጣለ ሣጥን ይመስላል።

ቀዩ ቀለም የመጣው እዚሁ ዳላርና ውስጥ ካለችው ከፋሉን ከተማ የመዳብ ማዕድን ማውጫ ትራፊ ነው። ማውጫው በ1992 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ቀለሙ ዝገት ያለበት፣ የማያብረቀርቅ ቀይ ስለሆነ ከቱቦ የወጣውን ደማቅ ቀይ በቡናማ አብርዱት። ፀሐይ ስትመታው ግድግዳው ሥር ያለው በረዶ ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ ጥላው ውስጥ ያለው ግን ሰማያዊ ነው፣ ጥላን የሚያበራው ሰማዩ ነውና። ደመና በሆነ ቀን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ከበረዶው ጠቁሮ ይታያል፤ ጀማሪ ሁሉ ይህን ይገለብጠዋል። በውሃ ቀለም ስትሠሩ ባዶውን ወረቀት እጅግ ለሚያበራው ቦታ ብቻ አስቀሩት።

ውሃው እንዳይረጋባችሁ ጥቂት ጠንካራ አልኮል ጨምሩበት። ጣታችሁ ሲደነዝዝ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ላሞቹ ዘንድ ግቡ። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ተመልከቱ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ጠብ የሚለው ውሃ የእነሱ ትንፋሽ ነው።