የጭን አጥንት ራስ ሲሞት፦ ቅየራው መቼና እንዴት?

«38 ዓመቴ ነው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ስወስድ ቆይቼ የቀኝ ጭኔ አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሞቷል ተባልኩ። አሁኑኑ ይቀየር ወይስ ልታገስ?» ላሉት ጠያቂ፦

የሚወስነው ዕድሜዎ ሳይሆን የአጥንቱ ራስ (ዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባው የላይኛው ጫፍ) ክብነቱን መጠበቁ ወይም መስመጡ ነው። ካልሰመጠ፣ አጥንቱን ሰርስሮ የውስጡን ግፊት የሚቀንስ ቀዶ ሕክምና ሊሞከር ይችላል። ከሰመጠ በኋላ ግን መሰርሰሩ ብዙም አይረዳም፤ ሕመሙ እንቅልፍና እርምጃ ከከለከለዎት መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መቀየሩ ይሻላል። ያላመመዎትንም ዳሌ በኤምአርአይ ያሳዩ። በስቴሮይድ የመጣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጎን ይይዛል፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ በድንገት እንዳያቆሙ፤ አደገኛ ነው።

በቀዶ ሕክምናው የሞተው ራስ ከአንገቱ ተቆርጦ ይወጣል። የዳሌው ጎድጓዳ ተፍቆ የብረት ጽዋ ይገጠምበታል፣ በውስጡም የፕላስቲክ ወይም የሴራሚክ ገበር ይገባል። በጭን አጥንቱ ቦይ ውስጥ ዘንግ ይተከልና ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ይቀመጣል። በእርስዎ ዕድሜ በአብዛኛው ሲሚንቶ አይደረግም፤ አጥንቱ ራሱ ሸካራው ብረት ላይ አድጎ ይይዘዋል። ችግሩ ስቴሮይድ አጥንት ማሳሳቱ ነው፤ ዘንጉ ተመትቶ ሲገባ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የአጥንትዎ ጥንካሬ አስቀድሞ ይለካ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባትዎ በፊት የተበላሸ ጥርስና የቆዳ ቁስል ይታከም፣ ስኳር ካለብዎ ይስተካከል፣ ሲጋራ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም።

በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ያቆሙዎታል። ከዘራው በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጅ ይያዛል፤ ብዙ ሰው ይህንን ይገለብጠዋል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር፣ ሲወርዱ የታከመው ይቅደም። ከኋላ በኩል ከተከፈተ ለ6 እስከ 12 ሳምንት ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማጣመርና እግርን ወደ ውስጥ ማዞር ኳሱን ሊያወልቀው ይችላል። ዝቅ ያለ በርጩማና ሶፋ ይቅርብዎ። የደም መርጋት መከላከያው እስከ 35 ቀን ሊታዘዝ ይችላል፤ ባት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ። ቁስሉ ፈሳሽ ካፈሰሰም አንቲባዮቲክ ገዝተው አይጀምሩ፤ ናሙና ሳይወሰድ ከተጀመረ ጀርሙን ማግኘት ይከብዳል።

ከ10 ቅየራ ከ9 በላዩ 10 ዓመት ያልፋል። በ38 ዓመት የተገጠመ ግን አንድ ቀን እንደገና መቀየሩ አይቀርም ብለው ያስቡ። የጽዋው፣ የዘንጉና የኳሱ ስምና ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ኮፒ ያስቀምጡ፤ ያኔ የሚከፍተው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።