ምስሉ «ተቀዷል» ሲል፦ ስለ አጥንት፣ ስለ መገጣጠሚያና ስለ ጅማት ጉዳት የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን መርጠናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ደብዳቤያቸውን የሚጀምሩት ራጁ ወይም ኤምአርአዩ ምን እንዳሳየ በመንገር ነው፤ ምን መሥራት እንዳቃታቸው የሚጽፉት በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። መልሶቼ ግን በተቻለ መጠን ከመጨረሻው መስመር ይነሣሉ።

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሰው ነኝ። ቀኝ ጉልበቴን ማመም ከጀመረኝ አምስት ወር አልፎኛል። አልወደቅኩም፣ አልተመታሁም፤ ሕመሙ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ኤምአርአይ ተነሥቼ «ሜኒስከስዎ ተቀዷል» ተባልኩ፤ በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናም ታዘዘልኝ። የተቀደደ ነገር ካልተሰፋ እንዴት ይድናል? ደረጃ መውረድ እጅግ ከብዶኛል።

መልስ፦ ሜኒስከስ የሚባለው በጭን አጥንትና በእግር አገዳ መካከል የተነጠፈ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ልምአጥንት ነው። በየጉልበታችን ሁለት ሁለት አሉን፤ ሥራቸውም የሰውነትን ክብደት በመገጣጠሚያው ላይ ማከፋፈል ነው። በወጣትነት ዕድሜ የሚቀደደው ብዙውን ጊዜ እግር መሬት እንደረገጠ ሰውነት በድንገት ሲጠመዘዝ ነው። ዕድሜ ከገፋ በኋላ ግን ያለ አንዳች አደጋ፣ እንደ አሮጌ ጨርቅ ጠርዝ ቀስ በቀስ እየተተለተለ ይሄዳል። ሁለቱም በምርመራ ወረቀት ላይ «ተቀዷል» በሚል በአንድ ቃል ስለሚጻፉ አንድ ዓይነት ጉዳት ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት የእርስዎ ከሁለተኛው ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለችው ከተማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆነ 991 ሰዎችን፣ ጉልበቱን የሚያመውንና የማያመውን ሳይለይ በኤምአርአይ መረመረ። ከመቶው 35 ያህሉ ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ወይም ተበላሽቶ ተገኘ፤ ቅዳጅ ከተገኘባቸው መካከል ግን ከመቶ 61ዱ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሕመምም ሆነ መገተር አልተሰማቸውም ነበር። ስለዚህ የማያምዎትን ግራ ጉልበት ቢያስነሡና እዚያም ቅዳጅ ቢገኝ እኔ አልደነቅም።

የብዙ ሐኪሞችን ሐሳብ ያስለወጠው ግን በፊንላንድ አምስት ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሙከራ ነው። እንደ እርስዎ ያለ ቅዳጅ የነበረባቸው፣ ከ35 እስከ 65 ዓመት የሆኑ 146 ሕሙማን ምን ሊደረግላቸው እንደሚችል አስቀድመው ተነግሯቸው ፈቀዱ። በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ጉልበታቸው በካሜራ ከታየ በኋላ፣ በዕጣ በተለየው መሠረት የገሚሶቹ ቅዳጅ ተከርክሞ ወጣ፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ሐኪሙ መሣሪያ እየጠየቀና ጉልበቱን እያንቀሳቀሰ የሚሠራ መሰለ እንጂ አንዳች አልቆረጠም። ከዓመት በኋላ ሁለቱም ወገኖች ተሽሏቸው ነበር፤ የተሻላቸውም በእኩል መጠን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል ደግሞ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ምልክት በራጅ ላይ በመጠኑ በርክቶ የታየው በተቆረጠላቸው ላይ ሆነ። እንዲህ ያለው ሙከራ ለአንዳንድ ሰው ጭካኔ ይመስለዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን እንዲህ ሳይፈተሽ ለዓመታት እጅግ በብዙ ጉልበቶች ላይ ሲደረግ የኖረው ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያሳተመው የሐኪሞችና የሕሙማን ቡድን መመሪያ፣ ዕድሜ ባመጣው የጉልበት ጉዳት ላይ በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግ አጥብቆ መክሯል።

«ካልተሰፋ እንዴት ይድናል?» ላሉት፣ በእርስዎ ዕድሜ የሚታዘዘው ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚከረክም እንጂ የሚሰፋ አይደለም። የሜኒስከሱ የውስጥ ክፍል ደም ስር ስለሌለው በራሱም እምብዛም አይገጥምም። የሚድነው ቅዳጁ ሳይሆን ጉልበቱ ነው፤ በዙሪያው ያሉት የጭን ጡንቻዎች ሲጠነክሩ መገጣጠሚያው የሚሸከመውን ጫና ይጋሩታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኖርዌይ ሙከራ 140 ሕሙማንን ከፍሎ ገሚሶቹን ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አሠራ፤ የቀሩትን በቀዶ ሕክምና አከመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እውነቱን ለመናገር፣ እንቅስቃሴ ከጀመሩት መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል ኋላ ላይ ወደ ቀዶ ሕክምናው ዞሯል። ይህ መንገድ ለእርስዎም ክፍት እንደሆነ ይቆያል፤ ዛሬ የሚቆረጠውን ግን ነገ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ወር በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመሩ ይሥሩ እላለሁ።

ጉልበትዎ ተቆልፎ አልዘረጋ ወይም አልታጠፍ ካለ ግን ይህን ምክር ትተው ቶሎ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ፤ የተገነጠለ ቁራጭ መካከል ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የጉልበት መሸርሸር አለብኝ። በየሦስት ወሩ የኮርቲዞን መርፌ እወጋለሁ፤ ለጥቂት ሳምንታት ያሽለኛል። ይህን ማዘውተር ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሙከራ 140 ሕሙማንን ከፍሎ፣ ለገሚሶቹ እንደ እርስዎ በየ12 ሳምንቱ ይህንኑ ዓይነት መድኃኒት፣ ለሌሎቹ የጨው ውኃ ብቻ ለሁለት ዓመት ወጋ። መድኃኒቱን ያገኙት የመገጣጠሚያቸው ልምአጥንት ይበልጥ ሳሳ፤ በሕመም ረገድ ግን ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም አላገኙም። አንድ ጊዜ ሕመሙ ሲጠና ተወግቶ፣ በተገኘው ፋታ እንቅስቃሴ መጀመር አንድ ነገር ነው፤ በቀጠሮ መወጋት ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት እግር ኳስ ተጫዋች ነኝ። ማንም ሳይነካኝ በፍጥነት ስዞር ጉልበቴ «ቋ» አለና በሰዓታት ውስጥ አበጠ። የፊት መስቀለኛ ጅማትህ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል ተባልኩ። አንዱ ሐኪም በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና አድርግ ይለኛል፤ ሌላው አስቀድመህ ፊዚዮቴራፒ ሞክር ይለኛል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም የሚጠቅሱት ጥናት አላቸው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ያምኑ ዘንድ ነገሩን ልተንትነው።

ይህ ጅማት፣ ኤሲኤል በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ የእግር አገዳ ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበት እንዳይጠመዘዝ የሚይዝ ነው። በስዊድን 121 ንቁ ወጣቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሙከራ ገሚሶቹን ቀድሞ በቀዶ ሕክምና አከመ፤ የቀሩትን ፊዚዮቴራፒ አስጀምሮ፣ ጉልበቱ ካልጸና ብቻ ቀዶ ሕክምናውን እንዲያገኙ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። በሁለተኛው ቡድን እስከ አምስተኛው ዓመት ድረስ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በታተመው የኔዘርላንድስ ሙከራም ፊዚዮቴራፒ ካስቀደሙት ግማሽ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል፤ ቀድመው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ግን ስለ ጉልበታቸው በተጠየቁት መጠይቅ በጥቂት ነጥብ በልጠው ታይተዋል። ይህ ልዩነት ሰው በኑሮው የሚያስተውለው ለመሆኑ አጥኚዎቹ ራሳቸው ይጠራጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ጉዳቱ የቆየባቸውንና ጉልበታቸው እየከዳቸው የተቸገሩ 316 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ለእነዚህ ቀዶ ሕክምናው ከፊዚዮቴራፒ እንደሚሻል አሳየ።

ሦስቱን አብሬ ሳነባቸው ጥያቄው «ጅማቱ ተበጥሷል ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ጉልበቱ ይከዳል ወይ?» የሚለው ሆኖ አገኘዋለሁ። እብጠቱ እስኪጎድል፣ ጉልበቱ እስኪዘረጋና የጭን ጡንቻው እስኪመለስ ድረስ የሚሠራው ፊዚዮቴራፒ በሁለቱም መንገድ የማይቀር ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትም ሰው ጠንካራ ጡንቻ ይዞ ቢገባ ይጠቀማል። በእነዚያ ወራት ጉልበትዎ በተራ እርምጃ ወይም በመዞር ላይ ደጋግሞ ከከዳዎት፣ ሜኒስከስዎም ሳይጎዳ ቀዶ ሕክምናውን ያድርጉ። መዞርና መጠምዘዝ ወደሚበዛበት ጨዋታ ለመመለስ ቁርጥ ሐሳብ ካለዎት ደግሞ ወደዚያው የማዘንበል ምክንያት አለዎት፤ የስዊድኑም ሙከራ በሙያቸው ተጫዋች የሆኑትን አላካተተም።

በቅርቡ ብዙ ያስወራው ሌላ ነገር አለ። የአውስትራሊያ ሐኪሞች የ80 ሕሙማንን ጉልበት ለአራት ሳምንታት 90 ዲግሪ አጥፈው በድጋፍ አስረው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየፈቱ ከቆዩ በኋላ በሦስተኛው ወር ኤምአርአይ ሲያነሡ፣ በ90 ከመቶው ላይ የተበጠሰው ጅማት የመያያዝ ምልክት አሳየ። ለዘመናት «አይገጥምም» ስንባል ለኖርነው ይህ ትልቅ ዜና ነው። ይሁን እንጂ በሌላ መንገድ ከታከሙ ሰዎች ጋር በዕጣ ያልተነጻጸረ ጥናት ነው፤ እግርን ለሳምንታት አጥፎ ማሰርም ደም በደም ስር ውስጥ እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ያለ ሐኪም ክትትል በራስዎ እንዳይሞክሩት።

ቀዶ ሕክምና ካደረጉ አይቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ ሜዳ መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ አንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ እንደገና የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ጥያቄ፦ እኅቴ ደረጃ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላትና በጣም አበጠ። ራጅ ያስፈልጋታል? በረዶ ማድረግስ? ስንት ቀን ትተኛ?

መልስ፦ የእብጠቱ ትልቅነት ብቻውን ስብራት መኖር አለመኖሩን አይናገርም። በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ቀላል መመዘኛ እስከ ዛሬ ይሠራል። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ የሚታዩት የአጥንት ጉብታዎች በኋለኛ ጠርዛቸው ወይም በጫፋቸው ሲጫኗቸው ካመሙ፣ ወይም እንደተጎዳች ወዲያውም፣ ሐኪም ዘንድ ስትደርስም አራት እርምጃ መራመድ ካቃታት ራጅ ያስፈልጋታል። የእግሯ መካከለኛ ክፍል አጥንት ሲነካ ካመማትም እንዲሁ።

ስለ በረዶው፦ ሕመም ያስታግሳል፤ ፈውስን እንደሚያፋጥን ግን የሚያሳምን ማስረጃ የለም። «ማረፍ፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት ዶክተር ጌብ ሚርኪን ራሳቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በረዶውና ፍጹም ዕረፍቱ ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈዋል። ስብራት ከሌለ አንድ ሁለት ቀን እግሯን ከፍ አድርጋ ትረፍ፤ ከዚያ ሕመሙ በሚፈቅድላት መጠን ትራመድበት። ሲሻላት በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅን የመሰለ ልምምድ እንዳትተው። 522 ስፖርተኞችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በቤታቸው ለስምንት ሳምንታት ይህን ከሠሩት መካከል በዓመት ውስጥ ወለምታው የተመለሰባቸው 22 ከመቶ፣ ካልሠሩት ግን 33 ከመቶ መሆናቸውን አግኝቷል።

ጥያቄ፦ የ69 ዓመት እናቴ ቆመው ሳለ ተንሸራተው ወድቀው የእጅ አንጓቸው ተሰበረ። አጥንቱ ተስቦ ከተስተካከለ በኋላ በጀሶ ታሰረ። ዘመዶቻችን «ሽቦ ወይም ብረት ካልገባበት ጠማማ ሆኖ ይቀራል» እያሉ ያስጨንቁናል። ለአጥንታቸውስ ቫይታሚን ዲ ልግዛላቸው?

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። በእንግሊዝ 500 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሙከራ፣ እንዲህ ተስቦ የተስተካከለ ስብራት በጀሶ ብቻ ቢያዝም ሆነ በሽቦ ቢደገፍ፣ ከዓመት በኋላ እጁ የሚሠራው ሥራ እኩል መሆኑን አሳይቷል። በጀሶ ከተያዙት ስምንት ሰዎች አንዱ ግን አጥንቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቦታው ስለ ተንሸራተተ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። ስለዚህ የሐኪሙን የክትትል ቀጠሮ እንዳያሳልፉ፤ ዘመዶችዎ የሚፈሩት ነገር የሚታወቀው በዚያ በሚነሣው ራጅ ነው። ጣቶቻቸው ከበረዱ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷቸው። እስከዚያው ጣቶቻቸውን፣ ክርናቸውንና ትከሻቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንቀሳቅሱ።

እኔን ከአንጓው ይበልጥ ያሳሰበኝ አወዳደቃቸው ነው። ከቆሙበት ከፍታ ወድቆ መሰበር በዚህ ዕድሜ የአጥንት መሳሳት መኖሩን የሚጠቁም ምልክት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። የአጥንት ጥግግት እንዲለካላቸው ይጠይቁ፤ አጥንታቸው ሳስቶ ከተገኘ የስብራትን አደጋ የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። ቫይታሚን ዲ ብቻውን ግን ያን ሥራ አይሠራም፦ 25,871 አሜሪካውያን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሙከራ በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እነዚያ ሰዎች የቫይታሚኑ እጥረት ወይም የአጥንት መሳሳት ስላለባቸው የተመረጡ አልነበሩም፤ እናትዎ እጥረት ካለባቸው መተካቱ ተገቢ ነው።

ጀሶው ተፈትቶ እጃቸው ከጠና በኋላ ስለ ክብደት ማንሣት ያነጋግሯቸው ብል አይሳቁብኝ። በአውስትራሊያ አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶች፣ የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ፣ የተካፈሉበት ሙከራ ነበር። በባለሙያ እየተጠበቁ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ክብደት ያነሡት በስምንት ወር ውስጥ የወገብ አጥንታቸው ጥግግት በ2.9 ከመቶ ጨመረ፤ ቀላል እንቅስቃሴ በቤታቸው የሠሩት ግን በ1.2 ከመቶ ቀነሰባቸው። እናትዎ የሚጀምሩት ምናልባት ከወንበር ተነሥቶ በመቀመጥ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረውን ባጠገባቸው የቆመ ባለሙያ ይወስን።