የማትወጃትን አከራይ መጫወት

ከቱሉ ዲምቱ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የትወና ሥልጠናሽን እንደጨረስሽ በአንድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ አራስ ተከራይዋን ከነልጇ የምታስወጣ አከራይ ሆነሽ እንድትጫወቺ ታጭተሻል። ይሁን እንጂ በልጅነትሽ እናትሽ ከኪራይ ቤት ስትባረር በዓይንሽ ስላየሽ ሴትዮዋ ከልብሽ አልገባ ብላሻለች፤ ሚናውን ልመልሰው ወይ ስትዪም ጠይቀሽኛል።

ለመመለስ የቸኮልሽ ይመስለኛል። ችግሩ የመጣው ስሜቱን ከሁሉ አስቀድመሽ በመፈለግሽ ነው። የሩሲያው የቴአትር አዘጋጅ ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ተዋናይ የራሱን ያለፈ ስሜት ከትዝታው ቀስቅሶ ለገጸ ባሕርይው እንዲያውል ያስተማረበት ጊዜ ነበር፤ በዕድሜው ማምሻ ግን ትኩረቱን ገጸ ባሕርይው ምን ፈልጎ ምን ያደርጋል ወደሚለው፣ ማለትም ወደ ድርጊት፣ አዙሯል። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስቴላ አድለር እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ ከእርሱ ጋር ሠርታ ስትመለስ፣ ከግል ትዝታ ይልቅ ምናብና በድርሰቱ ውስጥ የተሰጠው ሁኔታ እንደሚቀድሙ ለባልደረቦቿ ብትነግራቸው፣ የትዝታውን መንገድ ያራምድ የነበረው የቡድናቸው አዘጋጅ ሊ ስትራስበርግ አልተቀበላትም። እኔ በአንቺ ጉዳይ ከአድለር ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም የአንቺ ትዝታ የሚያቀርብሽ ለተባረረችው እንጂ ለአባራሪዋ አይደለም።

ስለዚህ የራስሽን ትዕይንቶች ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ድርሰት እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ሴትዮዋ በየትዕይንቱ የምትፈልገውን፣ የምትፈራውን፣ ሌሎችም ስለ እርሷ የሚሉትን ለይተሽ ጻፊ። ድርሰቱ ዝም ባለበት ቦታ ደግሞ ሰፈርሽ ሊረዳሽ ይችላል፤ በአንቺ አካባቢ የእርሻ መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ከተወሰደ በኋላ በቀረቻቸው ግቢ የሠሯትን ክፍል እያከራዩ የሚኖሩ እናቶች አሉ። ገጸ ባሕርይሽ የግድ ከእነርሱ አንዷ ናት ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ከአንዲቷ ጋር ቡና ጠጥተሽ ብትውዪ፣ የወር ኪራይ መዘግየት ለእርሷ የምን ፍርሃት እንደሆነ ከአፏ ትሰሚያለሽ። ራሷን «ክፉ» ብላ የምትጠራ አከራይ አታገኚም።

ከዚያ በኋላ ወደ እጅ ሥራ ውረጂ። የግቢውን ቧንቧ ስትቆልፍ፣ የመብራት ቆጣሪውን አንብባ ሒሳቡን ስታካፍል፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ስታስር በልምምድ ደጋግመሽ አድርጊው። (ተከራይቶ ያደገ ሰው ይህን ከማንም አሠልጣኝ በላይ ያውቀዋል፤ ዕውቀትሽን አትናቂው።) ስሜቱ ከመጣ በዚህ መካከል ይመጣል፤ ባይመጣም ተመልካቹ የሚያየው ቧንቧውን የቆለፈችውን ሴት ነው።

አራሷን በምታስወጪበት ትዕይንት እናትሽን ሆን ብለሽ አታስታውሺ። በቀረጻ አንድ ትዕይንት ከተለያየ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ሊደገም ይችላል፤ ድርጊትን አሥር ጊዜ መድገም ይቻላል፣ ቁስልን አሥር ጊዜ መክፈት ግን ለሥራውም ለአንቺም አይበጅም። ትዝታው ሳትጠሪው ቢመጣ እረፍት እንዲሰጥሽ አዘጋጁን አስቀድመሽ ብታነጋግሪው የባለሙያ ወግ ነው እንጂ ድክመት አይደለም።

ሙሉውን አንብበሽ ሴትዮዋ እንድትጠላ ብቻ የተጻፈች፣ አንዳች ምክንያት ያልተሰጣት ሆና ካገኘሻት፣ ጉድለቱ የድርሰቱ ነውና ደራሲውን ጠይቂ። ከዚያም በኋላ ልብሽ እምቢ ካለ ሚናውን መመለስ ነውር የለውም፤ ሌላ ተዋናይት መፈለጊያ ጊዜ እንዲኖራቸው ግን ውሳኔሽን ቀረጻው ከመጀመሩ አስቀድመሽ አሳውቂያቸው።